ከላይ በቀኝ በኩል ያለችው ሰረዝ

የመዝጊያዋን ኤክስ ብቻ አትንኪ፣ ኤክሷን ብቻ፣ ትላለች ይርጋነሽ በሆዷ፣ ማውሱ በላብ ከመዳፏ እየተንሸራተተ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢቸና መዝገብ ቤት ስትሠራ የፈተናት አልነበረም፣ ዛሬ ግን ግማሽ ገጽ ደብዳቤ በኮምፒውተር በግማሽ ሰዓት ጽፋ ካላስቀመጠች ወንበሯ ለሌላ ነው፣ ተብሏል፣ በማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ኧረ ድንግል ማርያም።

መስኮት ይሉታል ደግሞ። አየር የማያስገባ መስኮት። የሞጣው አሠልጣኝ አፉን ሳይከድን ይኼ ታይትል ባር፣ ይኼ ሜኑ፣ ይኼ ስክሮል ባር፣ ገባችሁ? ሁሉም ገባን አለ፣ እሷም ገባኝ አለች፣ ምን ይገባታል፣ ዋሸች፣ ይቅር ይበላት። ያቺ ሀሲና ባትኖር ምን ይውጣት ነበር፣ የጨርቅ ነጋዴው የሰይድ ልጅ፣ ለዐሥር ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ሞጣ ስትሄድ እነሱ ግቢ ነው የተከራየችው፣ ልጅቱ ማታ ማታ ላፕቶፗን ታቅፋ እየመጣች።

እትዬ ይርጋነሽ፣ መስኮቱ ይቅርብዎት፣ የአባቴ ሱቅ ነው ይበሉት፣ ከላይ ያለው መስመር ታፔላው ነው፣ የማን ሱቅ እንደሆነ ይነግርዎታል፣ ከሥሩ የተደረደሩት ቃላት መደርደሪያዎቹ ናቸው፣ ሲነኳቸው የያዙትን ያወጡልዎታል፣ በቀኝ ዳር ያለችውን ወደ ታች ሲስቧት ጣቃው ይዘረጋል፣ ያለፈው አልጠፋም፣ ተጠቅልሎ ነው። ውይ፣ አንደበትሽ ይባረክ፣ ያን ለት ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታያት።

እንቢ ያለው እጇ ነው። ሰው ሲገባ መዝገብ ይዘጋል፣ የሰው ጉዳይ ለገቢ ለወጪው ዓይን አይሰጥም፣ ሥራ ስትጀምር ያስተማሯት ይኼን ነው፣ ስለዚህ ሞጣ ላይ በሩ ኳ ባለ ቁጥር ቀጭ፣ ኤክስ፣ ኮምፒውተሩ ሴቭ ላድርገው ወይ ሲላት አይ ተወው፣ ሰው መጥቷል፣ ሦስት ደብዳቤ እንዲህ በላች። አሠልጣኙ ሳቀ። ማታ ስትነግራት ሀሲና አልሳቀችም። አባቴ የዙሁር ሶላት ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ ነው እንዴ የሚሄደው፣ መጋረጃውን ጣል ያደርጋል፣ ዕቃው በቦታው ነው፣ ሰግዶ ሲመለስ ገለጥ፣ መጋረጃዋ ከኤክሷ በግራ ያለችው ይቺ ሰረዝ ናት። ከዚያ ወጥታ በሩን እያንኳኳች ትገባለች፣ ሰው መጣ! እያለች፣ ሰረዟን እንጂ እትዬ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ፣ የራሷን ሥራ ትታ፣ ለማታውቃት የቢቸና ሴትዮ። ምን ዓይነት አንጀት ነው።

ዛሬ ፈተናው ላይ ስምንት መስመር ሆነላት፣ ሁለት ይቀራታል፣ ኳ።

አቶ ሰማው ናቸው፣ ዋናው ኃላፊ፣ ኖር! ብላ ብድግ፣ በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ እጇ ግን ቀድሟታል፣ ቀስቷ ጥግ ላይ ወጥታለች፣ ኤክሷ ቀልታለች፣ ኧረ እጄ፣ ኧረ ተይ፣ ሱቁን ልትዘጊው ነው፣ መጋረጃ፣ መጋረጃውን ጣል፣ ወደ ግራ፣ ቀጭ።

ባዶ። ደብዳቤው የለም። አቶ ሰማው ፈታኙን አናግረው ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከታች ያለው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት፣ ሀሲና ያሳየቻት ይቺ አይደለች፣ ገለጥ፣ አለ! ስምንቱም መስመር አለ፣ ከርሰሩ ካቆመችበት ሆኖ ብልጭ ብልጭ ይላል። እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ፣ ከሞጣ ቢቸና ድረስ እጄን ያዝሽልኝ። እንባዋ ይመጣል፣ ይምጣ፣ አታፍርም።

ጨርሳ ስታስቀምጥ ስም ስጪው ይላታል፣ ትሰጠዋለች። ፈታኙ መጥቶ ደብዳቤውን ያነባል፣ አልፈዋል እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ብሎ ወረቀቷ ላይ ይፈርማል፣ ቀና ሲል ዓይኑ የላይኛው መስመር ላይ ያርፋል፣ ስምዎ ይርጋነሽ አይደል እንዴ፣ ሀሲና ማን ናት?

ታፔላ ላይ ባለሱቋ ናታ የምትጻፈው፣ ትለዋለች።