ፈንድሻ ያልገዛችበት ወር

ሠዓሊዋ ፈንድሻን የወለደቻት እርሳስ ለመሞከር ብላ በጫረችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ፀጉሯ እንደ ፈነዳ በቆሎ የተበተነ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ ልጅ። የምትሠራበት የልጆች መጽሔት ዋና አዘጋጅ አይተዋት ሳቁና የኋላውን ገጽ በሙሉ ሰጧት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈንድሻ ምንም አልነበራትም። ነፋስ ታሳድዳለች፣ ከጥላዋ ጋር ትጣላለች፣ ትታረቃለች።

ኋላ መጽሔቱ በማስታወቂያ መኖር ጀመረ። ነገሩ እንደ እንቅልፍ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አንድ ወር ፈንድሻ አዲስ ጫማ ታድርግ ተባለ። በሌላው ወር ቦርሳ፣ ከዚያ የሚበራ ሰዓት። ሳይታወቅ ታሪኩ አንድ መንገድ ያዘ፦ በመጀመሪያው የሥዕል ሳጥን ፈንድሻ አኩርፋለች፤ መሃል ላይ የሱቅ በር ይከፈታል፤ በመጨረሻው ፀሐይ ወጥታ ፈንድሻ ትስቃለች። ሠዓሊዋም ብትሆን ምን ይደበቃል፣ በጫማው አፍንጫ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለም ጣል አድርጋ ዕቃው ከወረቀቱ ላይ ሲያበራ የራሷም ልብ ፍክት ይል ነበር።

ታናሽ እህቷ ነርስ ናት። ተረኛ በሆነች ቀን ልጇ ሚጡ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ አክስቷ ትመጣለች። ከሥዕል ጠረጴዛው ሥር ትራስ ታነጥፍና የቆዩ መጽሔቶችን ስታገላብጥ መኖሯም አይታወቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ውሃው በመስኮቱ ላይ እየተንሸራተተ የክፍሉን ብርሃን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ዓሣ ገንዳ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላል። ሠዓሊዋ የፈንድሻን አዲስ ቦት ጫማ እየነደፈች ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ መጣ።

"አክስቴ።"

"ወይ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ዛሬ ደብሮኛል። ምን እንግዛ?"

ሠዓሊዋ ብሩሿን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ ቀልዷን አይደለም። ራሱን ያመመው ሰው ኪኒን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀቻት።

"ምን አምሮሽ ነው?"

"ምንም። የሆነ ነገር ብቻ። ፈንድሻን እኮ ስትገዛ ነው የሚተዋት።"

"ምኑ?"

"መደበሩ ነዋ!" አለች ሚጡ፣ ይሄንን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል ድምፅ።

"ግን ምን ሆነሽ ነው የደበረሽ?"

"እኔ እንጃ።"

ሠዓሊዋ ብሩሿን አስቀመጠች። ዝቅ ብላ ፀጉሯን ስትዳብሳት ልጅቷ እዚያው ትራሱ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሠዓሊዋም ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ተኝታ ይሁን ነቅታ ዛሬም አታውቀውም፤ ብቻ ዝናቡ ወረቀቱ ላይ መዝነብ ጀመረ። ፈንድሻ በሱቁ ደጃፍ ቆማለች። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ቢጫ ብርሃን ይፈስሳል፤ ቦት ጫማው መደርደሪያው ላይ ያብረቀርቃል።

"ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ" አለቻት ሠዓሊዋ።

ፈንድሻ ቀና ብላ አየቻት። "ሁልጊዜ ታስከፊኛለሽ። ምን እንደከፋኝ ግን አንድ ቀን እንኳ ነግረሽኝ አታውቂም" አለቻትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ሠዓሊዋ ብሩሿን ስታነሳ እጇ ቀዝቅዟል። ያየችውን እንዳየችው ሳለችው። ፈንድሻ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ሳጥን ውስጥም ተቀምጣለች። የሱቁ መብራት ይጠፋል። ዝናቡ ይሳሳል። ሌላ ምንም የለም።

በማግስቱ ዋና አዘጋጇ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

"ቦት ጫማውስ?"

"የለም።"

"የኔ ልጅ፣ የጫማው ድርጅት ለዚህ ገጽ ከፍሏል እኮ።" ደግመው አዩት። "ሥዕሉማ አንጀት ይበላል። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ተቀምጬ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው አንድ ወር ዝም ብሎ ይክፋት።"

"በራሳችን ወረቀት ቢሆን እንደ ልቧ ይከፋት ነበር። በሰው ብር ማኩረፍ ግን አይሆንም።"

አልተቀያየሙም። ፈንድሻ ለሌላ ሠዓሊ ተሰጠች፤ ለእሷ ደግሞ ጥንቸሉን ወደ ጉድጓዱ አድርሱ የሚለው የእንቆቅልሽ ገጽ ደረሳት። ወረቀቷን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ሚጡ ስትመጣ ገጹን ወለሉ ላይ ዘረጋችላት። ልጅቷ ተንበርክካ ከሳጥን ሳጥን በጣቷ ተከተለች።

"መቼ ነው የምትገባው?"

"አትገባም።"

"ታዲያ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው?"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ሚጡ እርሳስ አነሳች። ከፈንድሻ አጠገብ ሁለት ሹሩባ ያላት፣ እግሮቿ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ልጅ ሳለች።

"ይቺ ማናት?"

"ጓደኛዬ። ቤት ቀይረው ሄዱ። ወንበሯ ባዶ ነው። ቲቸር ቦርሳሽን እዚያ አድርጊው አለችኝ።" የልጅቷን ሹሩባ በእርሳሱ አጠቆረች። "እኔ ግን መሬት ነው የማስቀምጠው።"

ይሄኔ እንባዋ መጣ። "አይዞሽ፣ እገዛልሻለሁ" የሚለው ቃል የሠዓሊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችውና ልጅቷን እቅፍ አደረገቻት። ሚጡ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን በአክስቷ እጅጌ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሌላ ቀጠሉበት። ሁለቱ ልጆች ከደረጃው ተነስተው መንገዱን ያዙ፤ ዛፍ አለፉ፣ ድልድይ ተሻገሩ፣ ሰማያዊ ኩሬ አገኙ። መንገዱ ከአልጋው ሥር ዞሮ እስከ ክፍሉ በር ደረሰ። ነርሷ ከሥራ መጥታ በሩን ስትከፍት በአንድ እግሯ ቆማ ቀረች።

"ኧረ እኔ የት ልርገጥ?"

ሚጡ አሰበችና በጣቷ አሳየቻት። "ጫማሽን አውልቂና እዚህ ኩሬው ላይ።"

እናቷ ጫማዋን አወለቀች፤ የደከመ እግሯን በሰማያዊው ቀለም ላይ ቀስ ብላ አሳረፈችና "ኡፍፍ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል!" አለች።