እየሩስ በራችን ላይ የቆመችበት ዓርብ

ጉባኤውን የጀመርነው ሦስት ሆነን ነው፤ ወርቅነሽ፣ ሮማንና እኔ። ሦስታችንም ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር የሰው ቤት ሠራተኞች ነበርን። ዓርብ እረፍት ስናገኝ ባዲዓ ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ የሮማን እህት በተከራየቻት ክፍል እንገናኛለን። መጋረጃውን ዘግተን፣ ወርቅነሽ ከስልኳ ውዳሴ ማርያም ታነባለች፤ እኛ በሹክሹክታ እንቀበላለን። ቄስ የለን፣ ታቦት የለን። ወርቅነሽ ግን ያቺን ክፍል «ቤተ ክርስቲያናችን» ነበር የምትላት። ሮማንና እኔ እንስቅባት ነበር።

በስድስት ዓመት ውስጥ መቶ ስልሳ ሆንን። ሱለይ ከሚባለው ሰፈር መጋዘኖች ወንዶች መጡ፤ ሾፌሮች መጡ፤ ነርሶች መጡ። በላይነህ የሚባል የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ሲቀላቀለን፣ እዚያው ሕንጻ ላይ ሰፊ አፓርታማ በስሙ ተከራየልን። ዲያቆንም አገኘን። የታመመ ይጠየቃል፣ ሰው የሞተበት ይጽናናል። ወርቅነሽ የሁሉንም ስም ታውቃለች፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የምታስገባውም እሷ ነበረች።

ከዚያ በሌላ ሰፈር የሚሰበሰቡ ሰዎች ተይዘው ወደ አገር ቤት ተባረሩ የሚል ወሬ መጣ። በላይነህ ደንብ አወጣ፤ ከመካከላችን የሚያውቀው የሌለው ሰው እንዳይገባ። «የመቶ ስልሳ ሰው እንጀራ ነው» አለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ወርቅነሽም አወጣች።

በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ወርቅነሽ ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ አባያዋ አቧራ ለብሷል፣ አንዱ ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች።

«እህቴ፣ እየሩስ እባላለሁ። ከከፊሌ፣ ከአሠሪዬ ቤት ጠፍቼ ነው። ከታች መዝሙር ሰምቼ…» አለችና ማተቧን ከአንገቷ ሥር አውጥታ አሳየቻት።

«ከእኛ መሀል የሚያውቅሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለኝም። ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው።»

መዝሙሩ ቆመ። በላይነህ ከኋላ መጥቶ «ኢቃማ ይዘሻል?» ብሎ የመኖሪያ ፈቃዷን ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ወርቅነሽ፣ ዝጊው። ልጆች አሉ» አለ።

ወርቅነሽ ዞራ አየችን። አንድ ሰው «ትግባ» እንዲል እየጠበቀች ነበር። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም። ለልጅቷ ውሃ አቀበለቻትና «እህቴ፣ ከታች ሱቁ ጋ ጠብቂኝ። ስንጨርስ እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

ልጅቷ አልጮኸችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ግን ይሰማን ነበር። ዲያቆኑ ጸሎቱን ቀጠለ፤ እኛም ተቀበልነው። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶው አልተሰማም።

ስንወጣ ሱቁ ጋ አልነበረችም። ወርቅነሽ በዚያ ሙቀት ሰፈሩን ሁሉ ዞራ ፈለገቻት። በማግስቱ በላይነህ ደወለላት። እየሩስን አውራ ጎዳናውን ስትሻገር ፒካፕ ገጭቷት፣ እሱ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ወስደዋት ኖሯል። እዚያ ሳትደርስ ሞታለች።

አገር ቤት ላሉ አንድ ቄስ ደውለን ፍትሐት እንዲያደርሱላት ለመንናቸው። «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉን። አልጠየቅናትም ነበር።

ቤተሰቧ እስኪገኝ ሁለት ወር አስከሬኗ እዚያው ቆየ። በመጨረሻ የእናቷን ስልክ አገኘንና ወርቅነሽ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ልጄ ያን ቀን ብቻዋን ነበረች እንዴ?» አሉ እናትየዋ።

ወርቅነሽ ዓይኗን ጨፈነች። «አይ፣ እማማ። እኛ ጋ ነበረች። አብረን ጸልየናል።»

«ተመስገን! እንዲያው ሰው አጥታ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ… እግዚአብሔር ጉባኤያችሁን ያብዛው፣ ልጄ። ያስፋላችሁ።»

ወርቅነሽ አሜን ማለት አቃታት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ወርቅነሽ ጉባኤ መጥታ አታውቅም። ስደውልላት ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ጉባኤው ግን አትጠይቀኝም። እኛ በዝተናል። ባለፈው ፋሲካ ሁለት አፓርታማ ሞልተን ተርፈናል። ደንቡም እንዳለ ነው።