የማን እሳት ነው

ሃርላን ሁለቱን የውሃ ጀሪካኖች እንዳንጠለጠለ ገላጣው ዳር ቆመ። በቦታው ላይ ሌላ ሰው ሰፍሯል። አረንጓዴ ድንኳን ተተክሏል፤ አንዲት ታጣፊ ወንበር ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ ተቀምጣለች፤ በድንጋይ ከተከበበው ምድጃ ደግሞ ጭስ ይወጣል። ሰው ግን የለም።

«እንዴት ያለ ድፍረት ነው!» አለ።

መስከረም በመጣ ቁጥር ሃርላን የሚሰፍረው እዚህ ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ እዚህ ነው። በእርግጥ ይህ የሞንታና ጫካ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ነው ማለት ደግሞ የሁሉም ነው። ሽንት ቤት የለ፣ ቧንቧ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል እንኳ የለ። ቀድሞ የደረሰ ይሰፍራል፤ ዘግይቶ የመጣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ክርክር ብሎ ነገር አይታወቅም። ሃርላንም ይህን ሕግ የሚያከብር ሰው ነው፤ ይበልጥ የሚያከብረው ግን ቀድሞ የደረሰው እሱ ሲሆን ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ቀድሞ ደርሶ ነበር እኮ! ሰሞኑን እዚሁ ሲያድር ነው የሰነበተው። ዛሬ ጠዋት ቡናውን ጠጣ፣ እሳቱን አጠፋ፣ ጀሪካኖቹን ይዞ ወደ ጅረቱ ወረደ። ታዲያ የእሱ ድንኳን የት ገባ?

ዙሪያውን አየ። ትልቁ ጥድ በስተግራ መሆን ነበረበት፤ አሁን በስተቀኝ ቆሟል። ወይስ ከጅረቱ ሲወጡ በስተቀኝ ነው? ወንበሯም የእሱን ወንበር ትመስላለች፤ ግን ወንበር ሁሉ ወንበር ይመስላል። በዚህ ተዳፋት ላይ እንዲህ ያሉ ገላጣዎች ሞልተዋል። «መንገድ ስቼ ነው» አለ በመጨረሻ። ነገሩ ስም ስላገኘ ትንሽ ቀለል አለው፤ ወዲያው ግን ዛሬ ኮኒ እንደምትመጣ ትዝ አለው።

ኮኒ አንድ ልጁ ናት። ባለፈው ክረምት ሃርላን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ፖሊስ ሌላ ከተማ ውስጥ ፒካፑን አስነስቶ እንደተቀመጠ አገኘው፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። ኮኒ ያኔውኑ ፒካፑን ሸጣ ወደ ቤቷ፣ ቢሊንግስ ከተማ፣ ልትወስደው ተነስታ ነበር። ለመናት፣ ተቆጣት፣ እንደገና ለመናት። በኋላ ተስማሙ፤ እንደ ወትሮው ጫካ ወጥቶ አንድ ሳምንት ለብቻው ይቆያል፤ እሷ መጥታ ታያለች። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ዳግመኛ አታነሳበትም። ካልሆነ ግን ቃል ሳይተነፍስ ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላታል። ውሉን ያመጣውም እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ልጅቷ መጥታ አባቷን ጫካ ለጫካ ድንኳኑን ሲፈልግ ካገኘችው፣ አለቀለት።

ቶሎ ዞሮ ሰፈሩን መፈለግ ነበረበት። ጭሱ ግን አላንቀሳቅስ አለው።

ማዶ ያለው ተራራ የነደደው እንዲህ ካለ ምድጃ በተነሳ እሳት ነው። ጥቁር ግንዶቹ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው። በዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር ይፈቀድለታል፤ መጠጣትም፣ ስለገደለው አጋዘን ቀንድ መዋሸትም። እሳት ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ የሚነሳበት ነውር። ውሃ ታፈሳለህ፣ ታማስላለህ፣ ደግመህ ታፈሳለህ፤ ከዚያ ባዶ እጅህን አመዱ ውስጥ እስከ ታች ትከታለህ። እጅህ ካልቻለው አትሄድም።

«ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ሰው ሰፈር ሳይጣሩ አይገባም። «ኧረ ቤቶች!»

የሚመልስ ሲጠፋ ገባና አንዱን ጀሪካን ምድጃው ላይ ገለበጠው። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። በእንጨት ሲያማስል ከታች ቀይ ፍም ወጣ፤ ደሙ ፈላ። «ድንጋይ ራስ! ከከተማ የመጣ መሆን አለበት!» ሁለተኛውንም ደገመው። አማሰለ፣ እጁን ከተተ፤ ቀዝቅዟል። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ግራጫ ሆነ።

የድንኳኑ ዚፕ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል። ገባ ብሎ ቢያይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይገባው ነበር። ነገር ግን በር በሌለበት ጫካ ጨርቁ ነው በሩ፤ የሰው ድንኳን የሰው መኝታ ቤት ነው። ሃርላን ጀርባውን ሰጠው። ወንበሯ ላይም አልተቀመጠም፤ ገላጣው ዳር ወዳለ የወደቀ ግንድ ሄዶ ተቀመጠና ባለቤቱን ይጠብቅ ጀመር። ሁለት ጉዳይ ነበረው፤ ሊሰድበውና መንገድ ሊጠይቀው። የቱን ማስቀደም እንደሚሻል ሲያወጣ ሲያወርድ ፀሐይ ዘቀዘቀች።

ከታች፣ ከጅረቱ በኩል፣ ዶይል በቅሎውን እየሳበ ብቅ አለ። ዶይል ከጅረቱ ማዶ የሚሰፍር ወንደላጤ ነው፤ እሱና ሃርላን መስከረም መስከረም ሲነቋቆሩ አርጅተዋል።

«ምነው፣ ከወንበርህ ጋር ተኮራርፋችሁ ነው?»

«የኔ አይደለችም።»

«አሃ፣ ሰርቀሃት ነዋ።»

«አትቀልድ ዶይል። የዚህ ሰፈር ባለቤት እሳት ጥሎ ሄዷል። ፍም ነው ያገኘሁት፣ ፍም! ይምጣ ብቻ፣ ልክ ልኩን ነው የምነግረው።»

ዶይል ሳቀና የቀልዱን መጨረሻ ጠበቀ። መጨረሻ አልነበረውም። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እርጥቡን አመድ አየ፣ የሃርላንን ግራጫ ክንድ አየ፣ ድንኳኑን አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«ሰውዬውን አይተኸዋል?» አለ ሃርላን።

«አውቀዋለሁ» አለ ዶይል ቀስ ብሎ። «ክፉ ሰው አይደለም።»

«ክፉ ባይሆንም ደደብ ነው።»

«እሱንማ ስንቴ ነግሬዋለሁ።»

ከማዶ ተራራ ነፋስ መጣ። ሃርላን በሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ዶይል የበቅሎዋን ገመድ ቅርንጫፍ ላይ አሰረና ሳይጣራ፣ ሳያመነታ፣ ቀጥ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

ሃርላን ዘሎ ተነሳ። «ዶይል! ምን ነካህ? የሰው ድንኳን እኮ ነው!»

ዶይል ቀይ ዳማ ያለበት ወፍራም ጃኬት ይዞ ወጣ። «ልበስ።»

«የሰው ልብስ አልለብስም።»

«በሞቴ። ለእኔ ስትል ልበሰው።»

ለበሰው። ልክ ሆነው። የግራው ክርን በአጋዘን ቆዳ ተጥፏል፤ ስፌቱ የሰከረ ሰው አካሄድ ነው። ሃርላን ክንዱን አጥፎ ስፌቱን አየው። ሚስቱ የሞተች ዓመት ነበር፤ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ኩሽናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጣቱን እየወጋ፣ እየተሳደበ የሰፋው። ስድቦቹን ሁሉ ያስታውሳቸዋል። እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ ሌላ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ወንበሯ የእሱ ናት፤ ድንኳኑም የእሱ ነው፤ ጥዱም ከጅረቱ ሲወጡ በስተቀኝ ነው። ይህ ግን መንገድ ከመሳት የባሰ ሆነበት። ጠዋት እሳቱን ሲያጠፋ አሁንም ወለል ብሎ ይታየዋል፤ የውሃው ድምፅ፣ እንፋሎቱ፣ አመዱ ውስጥ የገባው እጁ። ሌላ ጠዋት ነው ማለት ነው። የትኛው ጠዋት ነው? አያውቅም። አንገቱን ደፋ፤ እንደዚህ አፍሮ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ጠፍቷል እኮ» አለ ዶይል። «ያጠፋኸውም አንተው ነህ። ምን ቀረ? እኔ እንደሆነ ምንም አላየሁም።»

«ባልመለስስ ኖሮ?»

ዶይል በቅሎዋን ማሻሸት ጀመረ።

የመኪና ድምፅ ከታች ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ኮኒ ዳቦና ኬክ በከረጢት ይዛ ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። አባቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

«አንተ ደግሞ እስካሁን አልሞትክም?» አለችው ዶይልን።

«በቅሎዋን ለማን ላውርስ ብዬ ነው።»

ከዚያ ፍተሻዋን ጀመረች፤ አልደበቀችውም። ድብ እንዳይደርስበት ምግቡ ቅርንጫፍ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የድንኳኑ ገመዶች ተወጥረዋል። ማገዶው ተፈልጦ ተደርድሯል። በመጨረሻ ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ እጅጌዋን ሰበሰበችና እጇን አመዱ ውስጥ ከተተች።

«በረዶ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። ክፍል አዘጋጅቼልህ፣ ቀለም አስቀብቼ... ይቅር፣ በቃ ይቅር። የዛሬ ዓመትም ቦታህ እዚሁ ነው።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ዶይል ፈጠን ብሎ። «ይሄ ሽማግሌ ሁላችንንም ነው የሚቀብረን።»

ሃርላን የፈለገውን አገኘ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ዝም ማለት ደግሞ ዕድሜ ልኩን የተካነበት ነገር ነው። ልጁን አየ። ፊቷ በርቷል፤ እንደ ልጅነቷ። ይህንን ፊት ማጥፋት አሳዘነው። ግን ግራ ገባው። ይቅር በለኝ ያለችው የትኛውን ሰውዬ ነው? እሳቱን ያጠፋውን ነው ወይስ የተወውን? ሁለቱም እዚሁ ፊቷ ቆመዋል፤ እሷ የምታውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው።

«ኮኒ» አለ። «እሳቱን ትቼው ሄጄ ነበር።»

«መቼ?»

«ዛሬ። ተመልሼ ስመጣ የሌላ ሰው መስሎኝ አጠፋሁት። ባለቤቱን ልሰድብ ብዬ እዚያ ግንድ ላይ ስጠብቅ ዋልኩ።»

ዶይል በቅሎዋ ውሃ ጠምቷታል አለና ገመዷን ፈትቶ ቁልቁል ወረደ። በቅሎዋ የመጣችው ግን ከጅረቱ ነው።

ኮኒ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «እንዲህ ስትሆን ስንተኛ ጊዜህ ነው?»

ሃርላን ከልቡ አሰበ። አንዱን ይይዝና ሌላው ይጠፋበታል፤ የያዘውም ደግሞ ሆኖ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም።

«እሱን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አላት።

ኮኒ ሳቀች። ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ አፏን በእጇ ስትይዝ አመዱ ጉንጯ ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ሃርላን እንደምንም ጉልበቱን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትከሻዋን ያዛት።

«ምን እናድርግ ታዲያ፣ ልጄ?» አለ። «ድንኳኑን ልንቀለው ወይስ እዚሁ እናድር?»

ኮኒ ድንኳኑን አየችው፣ ሰማዩን አየችው፣ እሱን አየችው። የቱ እንደሚሻል እሷም አላወቀችም።