የታከለ ሰላምታ

አጎቴ ታከለ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጤናው ግን በየዓመቱ እየተሻለው ሄዷል። አምና ጉልበቱን አሞት ነበር፣ እኔው አዳንኩት። ዘንድሮ ጥርስ አስተክሏል።

ሰላምታውን የማመጣው እኔ ነኝ። ለትንሣኤ ከጎንደር የሚመጡ ተሳላሚዎች እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲሰበሰቡ፣ «እስቲ የአገር ሰው ልጠይቅ» ብዬ እወጣለሁ። ስመለስ በታልፒዮት ሰፈር ዞሬ በርበሬ እገዛለሁ፤ የሱቁን ምልክት ልጬ ለእናቴ «ታከለ ላከልሽ» እላታለሁ።

ወንድሟ እዚያው ጎንደር ሲሞት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ስትድን የወንድሜ ሰርግ ደረሰ፤ በሰርግ ላይማ ጭራሽ አይነገርም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ «እስካሁን ለምን ደበቃችሁኝ?» ብትል መልስ የሚሰጥ ሽማግሌ ጠፋ። ቤተሰባችን ፈሪ አይደለም፤ አስተዋይ ነው። ስለዚህ ታከለን በሕይወት አቆየነው።

ዶክተር ኢሪት ባትመጣ ኖሮ መቶ ዓመት ይደፍን ነበር። ኢሪት የምታጠናው በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ በሽታ ነው። የአክስቴ ልጅ ዘመኑ መጋዘን ውስጥ ሣጥን እንደተሸከመ ወድቆ በስንት መከራ ተረፈ፤ የልቡ ጡንቻ ከመጠን በላይ ወፍሮ ተገኘ። በሽታው ከአባቱ ወገን መጥቶ እንደሆነ ወይም ከእናቱ፣ ያንን ለማጣራት ቃታሞኒም ሰፈር እቤታችን ድረስ እርሳስ ይዛ መጣች። የዘመኑ ሟች እናት የእናቴ እህት ናት። ከእሷ ከመጣ እኛንም አይምረንም። እኔን ያስጨነቀኝ ልጄ ጊላድ ነው፤ ውትድርና ሊገባ ነው፣ ክራቪ ካልሆንኩ፣ ተዋጊ ካልሆንኩ ብሎ ድንጋይ የሞላ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ሲሮጥ ይውላል።

ኢሪት ወንዱን አራት ማዕዘን፣ ሴቱን ክብ አድርጋ ሣለችን። የሞተ ሰው በላዩ መስመር ይሰመርበታል። ያ ሁሉ ኩሩ የጎንደር ዘር አንድ ወረቀት አልሞላም። እኔ በመካከላቸው አስተረጉማለሁ።

«አባትዎ በምን ሞቱ?»

«በቡዳ» አለች እናቴ።

«እህትዎስ?»

«ሰርግ ላይ ስትጨፍር፣ በሰው ዓይን።»

ኢሪት «ዓይን» የሚባለውን በሽታ ከየትኛው መዝገብ እንደምታገኘው እያሰበች ራሷን አከከች። «በሕይወት ያለ ወንድም አለዎት?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪያት። ሰላምታውን የምታመጪው አንቺ ነሽ።»

«ደህና ነው» አልኩ በዕብራይስጥ። «ጥርስ አስተክሏል።» በኋላ ስሸኛት ደረጃው ላይ እውነቱን ሹክ ልላት አስቤ ነበር።

ኢሪት ደስ አላት። «በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ከሆነማ ከእናንተ ወገን አይመስልም። ጊላድን ለጊዜው መመርመር አያስፈልግም።»

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ጊላድ ምርመራ አያስፈልገውም አለች።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትኩር ብላ አየችኝ። «እንግዲያው በያት፤ ታከለ ሞቷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናንተ እያላችሁ ማን ይነግረኛል! ወንድሜ በዕድሜው ሳይሰድበኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ስድብ የለ። ሰው ካልሞተ እንዲህ አይታረምም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በርበሬውን ተሸክመሽ ስትመጪ አሳዘንሽኝ።»

በየዓመቱ ሄርዝል ተራራ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ መንገድ ላይ ለቀሩት ወገኖቻችን መታሰቢያ ስንሄድ፣ ሁሉም አልቅሶ ሲጨርስ እሷ አትጨርስም ነበር። እኛም «እርጅና ሆድ ያስብሳል» እያልን ውሃ እናቀብላታለን። ለካ ለቀስተኛ ያልመጣለትን ወንድሟን በሌሎቹ መካከል ደብቃ ስታለቅስ ኖራለች። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

«አሁን ንገሪኝ» አለች። «እንዴት ሞተ?»

«ዳገት ሲወጣ። እየሳቀ ነበር አሉ፤ ቁጭ አለና በዚያው ቀረ።»

«እንደ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «ይኸንንም በያት።»

ተረጎምኩላት። ኢሪት አራት ማዕዘኑ ላይ መስመር አሰመረችና ጊላድን በአስቸኳይ እንዳመጣው ነገረችኝ። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ በዕብራይስጥ፣ በእርሳስ የተነገረ መርዶ ይኸው የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጊላድን ወሰድኩት። የልቡ ጡንቻ ወፍሯል። መድኃኒት ይወስዳል፣ ክትትል አለው፣ ይኖራል፤ ክራቪ ግን አይሆንም። እኔ ያመጣሁበት ይመስል ኩርፊያውን ይዞ ከአውቶቡስ ወርዶ ሄደ። ብቻዬን ቤት ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ልጁስ?»

ምላሴ ለምዶበታል። «ደህና ነው እማ። ምንም የለበትም።»

«እሰይ» አለች። ዓይኗን ግን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። «ታከለም ሰላም ብሎሻል።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት።