ጽዋ የያዘች ሴት አትናገርም

ወይዘሮ ጽጌረዳ ከባሏ ኋላ ሞተር ላይ ከተቀመጠች የሞተሩ እውነተኛ ነጂ እሷ ናት። «ጉድጓድ አለ»፣ «ፍየሏን እያት»፣ «ባጃጁ ሊታጠፍ ነው፣ ፊቱ ያስታውቃል» እያለች ትነዳለች። ባሏ አቶ ባዘዘው አርባ ምንጭ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ አምና ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የአባያንና የጫሞን ጥልቀት በቃሉ ይነግርሃል። ሚስቱ ግን ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚያወጣውን አንድ መንገድ ያለ እሷ ያገኘዋል ብላ አታምንም።

ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከከተማው ውጪ ላንቴ ከተደገሰው የሚካኤል ማኅበር ሲመለሱ ጽጌረዳ ጽዋውን ይዛ ከኋላው ስትቀመጥ ባዘዘው በሆዱ ደስ አለው። በጽዋ ምክንያት እንዲህ ያለ ደስታ መደሰት ኃጢአት ሳይሆን እንደማይቀር ያውቃል፤ ቢሆንም ደስ አለው።

ማኅበሩ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ የከረሙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ያቋቋሙት ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዱ ይደግሳል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጠላ የሞላውን ጽዋ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር ጡረተኛ ዳኛ ስለሆኑ ሕግ ይወዳሉ። ጽዋ የያዘ ሰው የራሱ ቤት እስኪገባ አይናገርም፤ የሌላ ሰው ደጃፍ አይረግጥም፤ ጠብታም አያፈስም። ካፈሰሰ ለአንድ ዓመት ተራው ይታለፋል። ይግባኝ የለም።

የባዘዘው ደስታ ግን ከሥሩ የሚበላው ነቀዝ ነበረው። ተራው የጽጌረዳ አልነበረም። ለምና የወሰደችው ለስንብት ነው። ጡረታ ሲወጣ አገራችን ቢቸና እንገባለን ተባብለው ነበር። ወንድሟ ይበልጣል ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሦስት ክፍል ቤት ፈልጎ ይዞላቸዋል፤ የቤቱ ዕቃ በየማዳበሪያው እየገባ በገመድ እየታሰረ ነው። ዛሬም ማኅበርተኛው ፊት ቆማ የሰኔ ሚካኤል መሰናበቻችን ነው ስትል ሴቶቹ አለቀሱ። ባዘዘውም አለቀሰ። እሱን ያስለቀሰው ግን ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ይበልጣል ደውሎ ቁርጡን ንገሩኝ ሲለው፣ ለሚስቱ ትንፍሽ ሳይል፣ ቀርተናል፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ስጠው ብሎታል። ለእሷ እኔው እነግራታለሁ፣ አንተ ዝም በል ብሎም አስምሎታል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ በየቀኑም አንድ ማዳበሪያ ያስራል።

የዕለቱ ደጋሽ ወይዘሮ ሚሪያም ከጓሮዋ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ቆርጣ ከሞተሩ ዕቃ መጫኛ ላይ በገመድ አሰረችላቸው። ጽጌረዳ በሙዙና በባሏ መካከል ተጣበበች። የራሷን የዝናብ ላስቲክ አውልቃ ለጽዋው አለበሰችው፤ ስልኳ እንዳይርስ ባሏ ኪስ ከተተችው፤ ከዚያ አፏን ዘጋች።

ዝናቡ የጀመረው ከግቢው እንኳ በወጉ ሳይወጡ ነው። ያገሩ ዝናብ ሊመጣ ሲል ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ይሄኛው እንደዚያ ያለ ትሕትና አልነበረውም። ከሙዝ እርሻዎቹ መካከል ወደ አስፋልቱ በምታወጣው ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ቦይ አለች። ጠዋት ሲመጡ ቁርጭምጭሚት አትደርስም ነበር። አሁን ከደጋው የወረደ ውሃ ሞልቷት እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ትላለች። ባዘዘው ሞተሩን አቁሞ፣ አንቺ ውረጂና ከላይ በተጋደመው ግንድ ተሻገሪ፣ እኔ ሞተሩን አሻግሬ እጠብቅሻለሁ አላት። ወረደች።

እሱም ነዳጅ ሰጥቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ሞተሩ አጓራ፣ አስነጠሰ፣ ማዶውን ዳገት ሲወጣ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሳ። በዚህ ጊዜ የሙዙ ገመድ ላላ፤ ከዳገቱ ወጥቶ ፍሬን ሲይዝ ዘለላው ወደ ፊት ተንሸራትቶ የጽጌረዳ ቦታ ላይ ቁጭ አለና የባዘዘውን ጀርባ ተደገፈ። ባዘዘው ሄልሜቱ ላይ ዝናቡ እንደ ቆሎ እየተንጣጣ ነበር። አቤት ፍጥነቷ ብሎ ተገረመ።

«ተቀመጥሽ?» አለ።

መልስ የለም። ሕግ ነው። ሄደ።

አስፋልቱ ላይ ሲወጣ እንደ ልጅ ደስ አለው። ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ማንም ምንም አላለውም። ላሞች መካከል አለፈ፤ አሁንም ዝም። አንድ አይሱዙ ጭቃ ውሃ እስከ አንገቱ ሲያለብሰው እንኳ ነግሬህ ነበር የሚል አልተገኘም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ፊቷን ሳያይ፣ መልሷንም ሳይሰማ የሚናገርበት ቀን ከዛሬ ሌላ አያገኝም። እስከ ቤት ድረስ አፏ ታስሯል፤ እስከዚያ ንዴቷ ይበርዳል። የፈሪ ሐሳብ መሆኑ አልጠፋውም። ግን ፈሪም ቢሆን የራሱ ቀን አለው።

«ጽጌ፣ ይበልጣልን አንመጣም ብዬዋለሁ» አለ።

ጀርባው ላይ ጫን አለችው።

ባዘዘው ልቡ ቅልጥ አለ። ትቆነጥጠኛለች ብሎ ሲሸማቀቅ ጭራሽ ተደገፈችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ቢቸና ብገባ የማውቃቸው ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ተኝተዋል፤ እዚህ ግን ዳቦ ልገዛ ስወጣ አሥር ሰው መምህር ይለኛል አላት። ጉልበቴ ብርድ አይችልም አላት። ማታ ማታ ከሴቻው በረንዳችን ሆኜ ሁለቱን ሐይቆች ካላየሁ ቀኑ ያለቀ አይመስለኝም አላት። ሳልነግርሽ የቀረሁት እምቢ ትላለች ብዬ ሳይሆን፣ ለእኔ ብለሽ እሺ እንዳትዪ ፈርቼ ነው አላት፤ ይህንን ሲል እውነት መሆኑን እሱም ገና ያን ጊዜ አወቀ። ሞተሩ በነጠረ ቁጥር እሷም ይበልጥ ትጠጋዋለች። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተለጥፋበት አታውቅም። ዕንባና ዝናብ ተቀላቅሎበት ሲቀላ ገባ።

ሲቀላ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ቀደም ብለው በሚኒባስ የመጡት አቶ ገብረእግዚአብሔር ዣንጥላቸውን ይዘው ተጠልለዋል። ባዘዘው አጠገባቸው አቁሞ ሰላምታ ሰጠ። ሙሴው እጅ ለመንሳት ቆባቸውን አወለቁ፤ ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ከኋላው አዩ፤ መልሰው አጠለቁት።

«ባዘዘው፣ ጽዋው የት አለ?»

«ይችውና፣ ጽጌ ይዛዋለች» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር።

«ከኋላህ ያለው ሙዝ ነው» አሉት።

ባዘዘው ዞረ። ሙዙም አየው።

መጀመሪያ የመጣበት ጎርፉ ነው። ግንዱ አንሸራቷት ቢሆንስ? መደወል አሰበ፤ ስልኳ ኪሱ ውስጥ ነው። መጮኽ ትችል ነበር ብሎ አሰበ፤ አትችልም፤ ጽዋ ይዛለች። ሃያ ስምንት ዓመት በጆሮው ስትጮኽበት የኖረች ሴት፣ መጮኽ ባለባት ብቸኛ ቀን ዝም ብላ ሲሄድ አየችው። እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም። ሙሴው ጽዋው እስኪያልፍ ከዚህ አልነቃነቅም ብለው ሲምሉ አልጠበቃቸውም፤ ሞተሩን አዙሮ በመጣበት ከነፈ።

ቦይዋ ጋ ሲደርስ ጽጌረዳ ተሻግራ ከወዲህኛው ዳር ቆማለች። በሕይወት አለች፤ ጽዋውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከራስ እስከ እግሯ ርሳ። አንድ ሽማግሌ ከላይዋ ሰፊ የሙዝ ቅጠል ዘርግተውላታል። ከአጠገባቸው ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች በመደዳ ቆመዋል፤ አራቱም እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር አለ።

ባዘዘው ሳሩን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ጋሞ ውስጥ ሳር የያዘ ሽማግሌ ፊት አልፎ የሚሄድ የለም፤ ያ ሳር የሚወጣውም የተጣላ ሰው ሲኖር ነው።

ቅጠሉን የያዙት አቶ ኤርጫፎ የዚያ ሙዝ እርሻ ባለቤት ናቸው፤ ልጃቸውን ባዘዘው አስተምሮታል። ከደጃቸው ሆነው ሰውዬው ሚስቱን ጎርፍ ዳር አውርዶ ሲሄድ አይተዋል። ቤት ግቢ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ምን አደረገሽ ሲሏት ዝም። ዱካ አወጡላት፣ አልተቀመጠችም። ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ ይዘው ወጡ፣ አልነካችም። ይሄኔ ነገሩ ከባድ ነው ብለው ጎረቤት ጠርተው ሳር አጨዱ።

«መምህር» አሉ ኤርጫፎ፣ «ይሄ ሴትዮ አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። የሚሳደብ ሴት ነገ ይታረቃል። ዝም ያለ ግን ልቡ ሄዷል። ምን አደረግህ?»

ባዘዘው እየተንተባተበ ስለ ጽዋው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሙዙ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ አላቋረጡትም፤ በጋሞኛ እየተነጋገሩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት።

«እሺ። ማኅበር ነው። ጥሩ ነው» አሉ ኤርጫፎ። «ምን አደረግህ?»

ቀና ሲል ከጽጌረዳ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ዓይኗም ያንኑ ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ሳሩን ግን ምን ይለዋል? ኑዛዜውን የሰማው ሙዝ ብቻ ነው፤ ሙዝ ደግሞ ይቅር አይልም።

«ይበልጣልን አንመጣም ብዬዋለሁ፣ ጽጌ» አለ። «ሦስት ሳምንት ሆነው። ቤቱን ለሌላ ሰጥቶታል። አንቺን አልጠየቅሁም።»

የጽጌረዳ ከንፈር ተከፈተ። አራቱም ሽማግሌዎች ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከንፈሯ ተመልሶ ተዘጋ። የያዘችው ጽዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ጠብታ ግን አልወጣውም። ባዘዘው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጉልበቱ ብርድ እንደማይችል ረስቶታል።

ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው አሏት። ሰማዩን አየች፤ ጽዋውን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ አልፋው ሄዳ ሞተሩ አጠገብ ቆመች። ይህ እርቅ ነው አይደለም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፤ ሦስቱ ነው ሲሉ አንደኛው ገና ነው አሉ። ኤርጫፎ ሙዙን አጥብቀው አሰሩና ሳራቸውን ለባዘዘው አስያዙት።

«ቤት ሚስትህ ሲናገር፣ ይሄን ይዘህ ስማ» አሉት።

መንገዱን ሁሉ ባዘዘው በየደቂቃው ተቀመጥሽ ወይ ይላል፤ እሷም በክርኗ ጀርባውን ጎሸም ታደርገዋለች። ሙዝ እንደዚያ እንደማይጎሽም አሁን ያውቃል። ሲቀላ ሙሴው ከነዣንጥላቸው ቆመው ነበር፤ ጽዋው ሲያልፍ ቆባቸውን አወለቁ። የሴቻን ዳገት ሲወጣ ጉድጓድ አለ የሚል ድምፅ ናፈቀው። ጉድጓዱም ነበረ፤ ገባበት።

ቤት ሲደርሱ ጽጌረዳ ጽዋውን ከሥዕሉ ሥር አስቀመጠች፤ ጧፍ አበራች፤ የረሰረሰ ነጠላዋን አውልቃ ጨመቀች። አሁን መናገር ትችላለች። አልተናገረችም። ባዘዘው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሳሩን እንደያዘ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ።

በመጨረሻ ጀመረች። ከሚሪያም በር ስትወጣ ድንጋዩን ገጨኸው አለች። ዋንዛው ጋ በግራ መያዝ ነበረብህ አለች። እንዲህ እያለች ሕዝብ እንደሚቆጥር ሰው አንድም ሳታስቀር ቦይዋ ጋ ደረሰች። ገመዱ ሲላላ ከዳር ሆና አይታ፣ ሙዙ እየተንሸራተተ ነው ልትለው አፏን ከፍታ ነበር፤ ሙሴው ትዝ አሏትና ዘጋችው።

«ሁሉን ነገር ለሙዙ ነገርኩት» አለ ባዘዘው።

«ምን አለህ?»

«ጫን አለኝ።»

ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ በሳቋ ተናደደችና ፊቷን አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሃያ ስምንት ዓመት መንገድ ስነግርህ አልሰማኸኝም» አለች። «አንድ ቀን ዝም ብል ደግሞ ጥለኸኝ ሄድክ። ወደ ቢቸናም እንደዚያው። መሄዱንም መቅረቱንም አልጠላሁትም ነበር። አልጠየቅኸኝም እንጂ።»

ባዘዘው ሳሩን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«እንሂድ ወይስ እንቅር?» አላት።

ሳሩን ተቀብላ ከጽዋው አጠገብ አኖረችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩትን ዕቃዎች አየች።

«በጆንያ የጠቀለልከውን ጋን ፍታው፤ ለሰኔ ሚካኤል ይጠመቅበታል» አለችው። «ሌላውን እንዳትነካ። ድግሱ ይለፍና መልሴን እነግርሃለሁ።»

ባዘዘው ተንበርክኮ ቋጠሮውን ያዘ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ማሰሪያውን ሁሉ አለቅጥ አጥብቆታል፤ ገመዱ እጁን ይልጠው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ጽጌረዳ ከበላዩ ቆማ ትንሽ አየችው።

«ጫፉ በግራ በኩል ነው» አለችው።

በግራ በኩል ሳበው። ተፈታ።