የቬሊ ቦታ

…እና ስልኩን እንዳታንቀሳቅሺ ብላኛለች ፊቤ፣ የእህቴ ልጅ፣ እሺ አላንቀሳቅስም፣ ግን ይሄ እጅ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ብርድ ልብስ ተሸክሞ የጆበርግን አሌክሳንድራ ሰፈር ያዳረሰ እጅ ነው፣ ከባድ ሲይዝ ይጸናል፣ ቀላል ሲይዝ ይቅበዘበዛል፣ ምን ላድርገው፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የሰው ፊት ታጭቋል፣ በፒጃማ የተቀመጠ፣ ድመት ያቀፈች፣ ኮፍያ የደፋ፣ የድሮ ሙዚቀኞች ናቸው አለችኝ ፊቤ፣ ከየአገሩ፣ መሃል ላይ የላይ ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች የጋሽ ዊልበር ልጅ፣ የካናዳዋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አባቷን ታያለች፣ አይዞሽ እህቴ፣ ይጫወታል፣ እኔ ኤርጎጌ ከታች ቤት የምኖረው ነኝ የምልሽ፣ የሰውዬውን ጣት ከእህቴ ልጅ ኮቴ ይበልጥ አውቀዋለሁ።

ይጫወት እንጂ።

ውላቸው እንዲህ ነው፣ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ልጅቱ ደወለች፣ አባዬ ሰማንያ ሦስት ዓመትህ ነው፣ ብቻህን ነህ፣ በሽታው ከተማውን ይዞታል፣ ፒያኖውንም ከዘጋኸው ምን ይዘህ ነው ጆበርግ ዮቪል የምትቀመጠው፣ ና፣ የሽማግሌዎች ቤት አይቼልሃለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው። እሱስ ምን አለ፣ ፒያኖውን ማን ዘጋው አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቴ ሙሉ ኮንሰርት እጫወታለሁ፣ መሃል ላይ ካቆምኩ ነይና ውሰጂኝ። ካቆምኩ! ምን አስወጣው ያን ቃል፣ ከሐምሌ ጀምሮ አንዱን ዘፈን እንደማይጨርስ እያወቀ፣ እኔም እያወቅኩ፣ ጣሪያዬ እያወቀ።

ጀመረ። ተመስገን።

ይሄኛው ዘፈን የእናቱ ነው፣ ሃሊፋክስ የምትባል ብርዳም የባሕር ዳር ከተማ አለች ካናዳ ውስጥ፣ እናቱ እዚያ የጸሎት ቤት ኦርጋን ትጫወት ነበር፣ እሱ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው፣ እኔም የጸሎት ቤት ልጅ ነኝ ጋሼ ብለው፣ ታዲያ ለምን ወለሌን ከታች ትደበድቢያለሽ አለኝ፣ ክፉ ሽማግሌ፣ ተመልከቱት ጣቱን፣ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ታውቃላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ አንዷን ሳትስት፣ እንደዚያ።

አክስቴ ፕሊስ፣ ስልኩ እየዞረ ነው። እሺ አልኩ።

ያን ጊዜ ሎክዳውኑ ሲጠብቅ፣ ገበያ የለ፣ ታክሲ የለ፣ ፖሊስ ሰውን ከመንገድ እንደ ፍየል ሲያግድ፣ እኛ ደረጃው ላይ፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች፣ ማስካችንን አጥልቀን፣ እንግሊዝኛዬ ስብርባሪ ነው፣ ግማሹ ከደንበኞቼ የለቀምኩት ዙሉ ነው፣ እሱም ዙሉውን ከሚስቱ ነው የለቀመው፣ ተግባባን፣ የሙዚቃ ስልሳ ምናምን ዓመቱን በቁራጭ በቁራጭ አወረደልኝ፣ ሁለተኛው ዘፈን ይኸው፣ ይሄ የሆቴሉ ነው፣ ጥቁር ነህ በጓሮ በር ግባ፣ ገብተህ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አስጨፍረን ይሉታል፣ ተናደድክ ወይ ጋሼ፣ ተናድጄ ነው ፍጥነት የተማርኩት አለኝ፣ ከዚያ የራሱን ባንድ አቆመ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ እሱ አለቃ፣ አንድ ክረምት አውቶብሳቸው በረዶ ውስጥ ስትቀበር ጡሩምባ ነፊዎቹ ወርደው ገፏት፣ እሱ አልገፋም፣ ጣቴ ብሎ! ከላይ ሆኖ ግፉ፣ ግፉ እያለ፣ አለቃ መሆን እንዲህ ነው እንግዲህ። ከዚያ ዘመኑ ዞረ፣ ሰው ጊታር ወደደ፣ አሥራ አንዱ አምስት ሆኑ፣ አምስቱ ሦስት፣ መርከብ ላይ ተጫወተ፣ የሰው ሰርግ ላይ ተጫወተ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅቱን ይዛ ሄደች፣ አፓርታይድ በወደቀ ማግስት ለሁለት ሳምንት ጆበርግ ጠሩት፣ እዚህ ዘፋኝ አገባ፣ እሷንም ቀበረ፣ ሁለት ሳምንቷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀችም።

እና ቬሊን አገኘ።

ድራም መቺ፣ የክሊፕታውን ሰፈር ልጅ፣ ልጅ ስል ሰባ ምናምኑን የጨረሰ፣ ጋሽ ዊልበር ዘፈን ሲጽፍ እዚህ ጋ ድራም ይግባ ብሎ አይጽፍም፣ ወረቀቱን አሳይቶኛል፣ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል፣ ሰልፉ መሃል ባዶ ቦታ፣ ባዶው ላይ ቬሊ ተብሎ ተጽፏል፣ ስሙ፣ በልክ የተሰፋ ልብስ በለው፣ ሌላው ሰው ቢለብሰው ወይ ይጠበዋል ወይ ይንዘላዘልበታል። እኔ ያኔ ይሄን በምን ልወቅ፣ ሆሳዕና ቃለ ሕይወት ኳየር ውስጥ ያደግኩ ተቀባይ ነኝ፣ አውጪው ቆም ካለ ትቀበለዋለህ፣ አፉን ከፍቶ ሲቀር ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ፒያኖው እየሄደ እየሄደ አንድ ቦታ ጸጥ ሲል፣ በማግስቱም እዚያው ቦታ ጸጥ፣ ምስኪን፣ ረሳው፣ እርጅና ነው አልኩና ከታች ድስቴን ገልብጬ ሞላሁለት፣ ድም ድም ድምድም፣ ሃሌ ሉያም ጨመርኩበት።

በሩ ተደበደበ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ቂጣ በሳህን ይዤ ከፈትኩ።

ማነው የቬሊ ቦታ ውስጥ የሚገባው አለ ጋሽ ዊልበር፣ ቅንድቡ ተሰቅሏል፣ ማስኩ አገጩ ላይ ነው፣ እኔ ነኝ ጋሼ፣ ክፍት ሆኖ ባገኘው፣ ክፍት አይደለም የሰው ነው፣ ታዲያ ባለቤቱ ይምጣና ይሙላዋ አልኩት፣ ሞቷል አለ። ሀይቦ አልኩ፣ ዙሉ ሲደነግጥ እንደሚለው። ድስቱን ከነማማሰያው ከጀርባዬ ደበቅኩ። በሽታው ነው የወሰደው፣ ቀብር ላይ ሰው አይብዛ፣ ሽማግሌ አይምጣ ተብሎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው በስልክ አየው ሲቀበር፣ ኔትወርኩም መሃል ላይ ሄደ አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለማላውቀው ሰው፣ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብሎ ማልቀስ አላውቅበትም፣ መጨረሻ ላይ አጽናኙ እሱ ሆነ፣ ቂጣውንም በላልኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ሲደርስ ያቆማል፣ ክዳኑ ጧ ሲል እሰማለሁ፣ ይሄን ተዉትና ሌላ ይጫወቱ ብለው፣ ይሄ ከሌለ ኮንሰርት አይባልም፣ ግትር፣ እሺ ልሙላልዎት ጋሼ፣ አይሆንም፣ ዛሬ ስልኩን ያዢ፣ አፍሽንም ያዢ። ቃል ገባሁ። የሎክዳውኑ ሌቭል ወርዶ ሰው ቤት መግባት በተፈቀደ በሳምንቱ፣ ከነጮማ ወሬዬ አፌን ልይዝ።

ይኸው፣ ሦስተኛው፣ እሱ ነው፣ መጣ።

ደስ ሲል፣ ወይኔ ደስ ሲል፣ በዘፈን ሲኦል ካልገባሁ ትከሻዬ ይነቃነቃል፣ ኮፍያ የደፋው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሂድ ጋሼ፣ ሂድ፣ አሁን መዞሪያው ጋ ነው፣ አሁን ቁልቁለቱ፣ አሁን…

እጆቹ ወረዱ። ጭኑ ላይ።

ጸጥ።

ጌታ ሆይ። ጸጥ። ልጅቱ ወደ ስልኩ ተጠጋች፣ ፊቷ ሰፋ፣ ዳዲ? አለች፣ ፊቤ ክንዴን ያዘችኝ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ ይራገጣል፣ ላጨብጭብ፣ አንዴ ብቻ፣ ድም ብል ምን አለበት፣ ነርስ ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰው፣ በመስኮት በረዶ ሲያይ፣ ዙሉ የሚያናግረው አጥቶ ይታየኛል፣ ቃሌን ልብላ፣ ልብላው፣ ቃል ይበላል፣ ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ ትላለች ልጅቱ፣ እጄ ስልክ ይዟል በምን ላጨብጭብ፣ ወለሉን ልርገጥ፣ ወደ ወለሉ ሳይ…

ነጠላ ጫማው።

ቡናማዋ፣ ጫፏ የተቀደደችው፣ ምንጣፉ ላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ድምፅ የላትም፣ አላቆመም! አላቆመም እኮ ሰውዬው፣ ፊቱን አየሁት፣ ሰው ጨዋታ ሲያዳምጥ እንደሚያዘነብለው ጆሮውን ወደ ጎን አዘንብሏል፣ ቬሊን ነው፣ ተራውን ሰጥቶት እያዳመጠው ነው፣ ባዶ አይደለም ያ ቦታ፣ ሰው አለበት፣ እኔ ሞኟ በድስት ልሞላው፣ ልጅቱ ግን የምታየው ጭኑ ላይ ያረፈ እጅ ነው፣ ይሄን አታይም፣ ማን ያሳያት።

ስልኩን ወደ ታች ደፋሁት።

አክስቴ! ፊቱን! ፊቱን አሳዪ! ዝም በይ ፊቤ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ካናዳ ነጠላ ጫማ እያየች ነው፣ መጀመሪያ የገባው ባለፒጃማው ነው፣ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር፣ ቀጥሎ ባለኮፍያው፣ ባለድመቷ የድመቷን እጅ ይዛ፣ ኔትወርኩ ያዘገያቸዋል፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ የተበታተነ ባንድ፣ ግን ሁሉም ቆጠሩ፣ ሁሉም ጠበቁ፣ ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እና ያቺ ነጠላ ጫማ አንዴ ጠንከር ብላ ወረደች፣ እና እጆቹ፣ ጯ! ልክ በቦታው፣ ልክ ቬሊ በጨረሰበት፣ ቤቱ በሙሉ ጮኸ፣ የመስኮቱ መስታወት ጮኸ።

አልቻልኩም፣ እልል አልኩ፣ ቦታው አልፏል እኮ፣ ይሄኛው የማንም አይደለም፣ እሱም ሳይዞር ሳቀብኝ፣ ትከሻው ሲስቅ አየሁት።

ስልኩን ወደ ፊቱ መልሺው ትላለች ፊቤ፣ እመልሳለሁ፣ ትንሽ ይዩት፣ ልጅቱ ትስቃለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ኦኬ ዳዲ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ ኦኬ፣ እዚያው ቤትህ ቆይ፣ ጋሼ ሰሙ ወይ ልል ነበር፣ አላልኩም፣ አይሰማም፣ ሥራ ላይ ነው፣ ገና አራት ዘፈን ይቀረዋል፣