ወጌሻው ዘይኑና የበሺር ክንድ

ደሴ ላይ ወጌሻ ቢባል ዘይኑልአቢዲን ነበር። የጦሳ ተራራ ወገቡ ቢሰበር እንኳ በሸምበቆ አስሮ ቀጥ ያደርገዋል፤ ይህን የሚለው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ነው። «አጥንት ባይኖር ሰው እንደ ባዶ ጆንያ ይከመር ነበር» ይላል አገሩን ሰብስቦ። «የራስ ቅል ለአንጎል ቁር ነው፤ የጎን አጥንት ለልብ አጥር። ደም እንኳ የሚጠነሰሰው መቅኔ ውስጥ ነው። የዚህ ሁሉ አናጢ ደግሞ እኔ!»

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ ሸሪፋ አንድ ልጇን በሺርን ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች።

«አባ ዘይኑ፣ ይስበሩልኝ።»

«ምኑን?»

«ክንዱን። ለዘመቻ ስሙ ወጥቷል። ሰባራ አይወስዱም።»

ዘይኑልአቢዲን ዕድሜውን ሲጠግን እንጂ ሲሰብር አልኖረም። ግን «አልችልም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ክንድ ሁለት አጥንት ነው» አለ እየዳሰሰ፤ «አንዱን ቀንጥሼ ሌላውን ዘብ አቆምለታለሁ።»

ሸሪፋ ሻሿን ጠቅልላ የልጇ አፍ ውስጥ ወተፈችና ጭንቅላቱን ጉያዋ ውስጥ ያዘች። ቋ! አለ። ሐይቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የሄደው አጥንት ግን አንዱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ነበሩ።

«እንዲህ ነበር ያሰብኩት» አለ ወጌሻው ላቡን እየጠረገ።

በማግስቱ ሦስቱም ቀበሌ ቀረቡ። ግቢው በሰው ሞልቷል።

«አህያ ጥሎት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ዘይኑልአቢዲን።

«በስንት ጊዜ ይድናል?» አለ ሊቀመንበሩ ደምመላሽ።

«በሦስት ወር።» እንዲህ እንዲል ሸሪፋ አስምላዋለች።

ደምመላሽ ሰውየውን ያውቀዋል፤ ፈገግ አለ። «ይገርማል! የሐርቡው ወጌሻ በአንድ ወር ያድናል አሉ። አንተ አርጅተሃል በለኛ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሸሪፋ ጋቢውን ከኋላ ጎተተች። «አባ ዘይኑ፣ በአላህ...»

የወጌሻው የአንገት ሥር ተገተረ። «የሐርቡው? ያ የፍየል እግር ማሰር የማይችለው? ወላሂ በእኔ እጅ ሁለት ሳምንት! በሦስተኛው መትረየስ ያነሳል!»

«እስኪሠለጥን ይድናላ» አለ ደምመላሽ። «ጫኑት!»

አንድ የቀበሌ ታጣቂ በሺርን በታሰረው ክንዱ ጎትቶ መኪና ላይ አወጣው። ልጁ የጮኸው አንዴ ነው፤ ከዚያ ራሱን ሳተ።

«ቀልዴን ነው፣ ጓድ! ሁለቱም አጥንት ነው የሄደው!» አለ ወጌሻው።

«ሽማግሌ ምሎ አይዋሽም» አለው ደምመላሽ።

መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። በሐረጎ ቁልቁለት ኩርባ ሁሉ የትኛው ስባሪ ከየትኛው እንደሚፋጭ ዘይኑልአቢዲን ቀበሌው ግቢ ቆሞም በመዳፉ ያውቀዋል። ሸሪፋ አላለቀሰችም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ወጌሻው ቤት መጥታ ወለምታና ስብራት ይዞ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው መሐል ተቀመጠች።

«አባ ዘይኑ፣ ልጄ ዳነ?»

ሰው ሁሉ የወጌሻውን አፍ ያይ ጀመር። ዘይኑልአቢዲን «አላውቅም» ማለት ያኔም አልሆነለትም።

«ድኗል» አለ።